ወንዝ ዳር ወይስ ባቡሩ ሥር? አንድ ቤተሰብ በባንኮክ ሆቴል የመረጠበት መንገድ

ጉዳዩን ያመጡት ሦስት ልጆች ናቸው። ታላቅየው ሜሪላንድ፣ መካከለኛዋ ዱባይ፣ ታናሽየዋ አዲስ አበባ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። ወላጆቻቸው በዚያው ዓመት ጥር ከተጋቡ 50 ዓመት ይሞላቸው ነበር። አባት ከጥቂት ዓመታት በፊት ልባቸው ላይ ስቴንት (የጠበበ የደም ሥር የሚከፍት ትንሽ ቱቦ) ስለተደረገላቸው ክትትል ያስፈልጋቸዋል፤ እናት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ሁለቱንም ባንኮክ ሊያስመረምሯቸው፣ በዚያውም በዕድሜያቸው አንዴ እንኳ በሚገባቸው ክብር ሊያሳርፏቸው ተስማሙ። ታናሽየዋ አብራቸው ትሄዳለች። ጊዜው የኅዳር መጨረሻ፣ ቆይታው ስምንት ሌሊት ነው። ሐኪም ቤቱም ተመርጧል፤ ባምሩንግራድ ኢንተርናሽናል። ያልተስማሙት በሆቴሉ ብቻ ነበር። ሥራዬ የቤተሰብ ጉዞ ማሰናዳት ስለሆነ ወደ እኔ መጡ። ስማቸውን ሳልጠቅስ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

የእኛ ሰው ለሕክምና ባንኮክ መመላለስ ከጀመረ ቆይቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል፤ ከአዲስ አበባ ሌሊት የተነሳ ሰው በማግስቱ ቀትር አካባቢ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋል። ባምሩንግራድ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የሚሠራ ሐኪም ቤት ነው፤ ዙሪያው፣ ናና የሚባለው ሰፈር፣ በዓረብ ምግብ ቤቶች የተሞላ ነው፤ እንጀራም ይገኛል። ስለዚህ የሄደ ዘመድ፣ የሄደ ጎረቤት አይጠፋም፤ ምክሩም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሐኪም ቤቱ አጠገብ ያዙ»። ለብዙ ሰው ትክክል ነው። ለእነዚህ ሰዎች ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚመልሰው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ባንኮክ ውስጥ በላይኛው ደረጃ ያሉት ሆቴሎች በጥራት ይበላለጣሉ ብሎ መከራከር ብዙም አያዋጣም። አልጋው በሁሉም ጥሩ ነው፣ ሠራተኛው በሁሉም ትሑት ነው፣ አበባው በሁሉም ትኩስ ነው። የሚለያያቸው የቆሙበት ቦታ፣ የሕንፃቸው አሠራርና የእንግዳው ቀን የሚውልበት መንገድ ነው። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት በፊት «ማን ነው የሚያርፈው? ጠዋት ሲነሳ ወዴት ነው የሚሄደው? እግሩስ ምን ይችላል?» መባል አለበት።

ልጆቹ ግን ክርክሩን የጀመሩት ከስም ነበር። ታላቅየው ማንዳሪን ኦሪየንታል ካልሆነ አለ። «አንዴ ነው የሚሄዱት፤ አንዴ ከሆነ ደግሞ ስሙ የታወቀው ይሁን» የሚል ነው ምክንያቱ። መካከለኛዋ ካፔላን መረጠች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 «የዓለም 50 ምርጥ ሆቴሎች» ዝርዝር ላይ አንደኛ የወጣው የባንኮኩ ካፔላ ነውና ማስረጃዋ በእጇ ነበር። ታናሽየዋ፣ ወላጆቿን በየቀኑ ደግፋ የምታስነሳቸው እሷ ስለሆነች፣ ከሐኪም ቤቱ በጣም የሚቀርበውን ጄ ደብሊው ማሪዮትን ጠራች። ሦስቱም በስልክ ቡድናቸው ላይ ፎቶ ይለዋወጣሉ፤ ፎቶዎቹ ሁሉ መዋኛ ገንዳ ነበሩ። እናትም አባትም አይዋኙም።

ወላጆቹን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ላስቸግራችሁ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። አባት ጣና ዳር ያደጉ ናቸው፤ «ውኃ የሚታይበት ከሆነ ሌላው ግድ የለኝም» አሉ። «እማማ፣ እርስዎስ?» ብዬ ስጠይቅ እናት ብዙ አሰቡ። «ደረጃ የሌለበት ይሁን ልጄ። ሽንት ቤቱ ዝቅ ብሎ የሚያስቸግር እንዳይሆን። ጾሜንም እንዳያስፈታኝ።» የጉዞው ጊዜ በጾመ ነቢያት ውስጥ ነበር። ከዚህ በኋላ የያዝኩት ማስታወሻ በሙሉ በእነዚህ ሁለት መልሶች ላይ የተሠራ ነው።

ባንኮክ ለእንግዳ ሁለት ከተማ ናት። አንደኛዋ የቻኦ ፕራያ ወንዝ ከተማ ናት። ቤተ መንግሥቱም፣ የድሮው የውጭ ንግድም፣ የጥንቶቹ ኤምባሲዎችም በዚሁ ወንዝ ዳር ነው የተቀመጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ቻሮን ክሩንግ መንገድም ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። ማንዳሪን ኦሪየንታል ከ1876 ጀምሮ ኦሪየንታል በሚል ስም የቆመው እዚያ ነው። በ1986 ሻንግሪላ ተከፈተ፤ በ1998 ከወንዙ ማዶ ፔኒንሱላ ተነሣ፤ በ2020 ደግሞ ካፔላና ፎር ሲዝንስ ጎን ለጎን ተከፈቱ። ሁለተኛዋ ከተማ ከ1999 ጀምሮ በአምድ ላይ የሚሄደው የቢቲኤስ ባቡር የሠራት ናት፤ ጣቢያዎቿም ሲያም፣ ቺት ሎም፣ ፕሎን ቺት፣ ናና፣ አሶክ። ትልልቅ የገበያ ማዕከላት፣ ቢሮዎችና ባምሩንግራድ ያሉት በዚህ በኩል ነው። ጄ ደብሊው ማሪዮት በ1997፣ ኦኩራ ፕሬስቲጅ በ2012፣ ፓርክ ሀያት በ2017፣ ሮዝዉድ በ2019 የተከፈቱት በዚሁ መስመር ዙሪያ ነው።

በካርታ ላይ ሁለቱን የሚለያቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና ግን ሌላ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ በሱኩምቪትና በሳቶርን ጎዳናዎች በኩል የሚያልፍ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ቢቀመጥ አይገርምም። በባቡር ፈጣን ነው፤ ከወንዙ ዳር ሳፓን ታክሲን ጣቢያ ተነስቶ ሲያም ላይ ቀይሮ ናና ይወርዳል። ነገር ግን ሲያም ጣቢያ ባለ ሁለት ደርብ ነው። ከሳፓን ታክሲን የመጣው ባቡር ላይኛው ደርብ ላይ ይቆማል፣ ወደ ናና የሚሄደው ከታችኛው ይነሳል፤ ስለዚህ ከሰው ግፊያ ጋር አንድ ፎቅ መውረድ አለ። ለታናሽየዋ ምንም አይደለም። ምርኩዝ ለያዙ እናት ግን ቀኑን የሚያበላሽ ነገር ነው። የሆቴል ድረ ገጽ «ከከተማው መሐል ደቂቃዎች ብቻ» ሲል ይህን አይናገርም።

የሐኪም ቤቱን ቀጠሮ ወረቀት ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ የደም ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ፤ በማግስቱ የአጥንት ሐኪምና የጉልበት ራጅ፤ ከዚያ አንድ ቀን ዕረፍት፤ ከዚያ ውጤት መስማት። ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ያልቃል። እዚህ ላይ ነው ስምንቱን ሌሊት በአንድ ሆቴል ማሳለፍ ግዴታ እንዳልሆነ የታየኝ። ሽማግሌዎችን ከሆቴል ወደ ሆቴል ማዛወር በመርህ ደረጃ አልወድም፤ ሻንጣ ማሰር፣ አዲስ ክፍል መላመድ፣ ሌሊት መብራቱ የት እንደሚበራ መፈለግ አለ። ሆኖም የሥራውና የዕረፍቱ ቀን እንዲህ በግልጽ ሲለያይ ለሥራው ባቡሩ ሥር፣ ለዕረፍቱ ወንዝ ዳር መሆን የተሻለ ነው። አምስት ሌሊት እና ሦስት ሌሊት።

የታናሽየዋ ምርጫ ለመጀመሪያው ክፍል ትክክል ይመስላል። ጄ ደብሊው ማሪዮት ሱኩምቪት ሶይ 2 ላይ ነው (ሶይ ማለት ከዋናው መንገድ የሚገባ ቅያስ ነው)፤ ባምሩንግራድ ሶይ 3 ውስጥ። በሱኩምቪት በአንዱ ወገን ያሉት ቅያሶች ጎዶሎ፣ በሌላው ያሉት ሙሉ ቁጥር አላቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ሆቴሉ ጥሩ ሆቴል ነው፣ ለሕክምና የመጣ እንግዳም ለምዷል። ያሳሰበኝ ምሽቱ ነው። ቀጣዩ ቅያስ፣ ሶይ 4፣ ናና ፕላዛ የሚባለው የታወቀ የሌሊት መዝናኛ ሰፈር ያለበት ነው፤ ከመሸ በኋላ የእግረኛው መንገድ መልኩ ይቀየራል። አባት ከእራት በኋላ ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን የእግር ጉዞ አያስታጉሉም። ልጃቸውን ይዘው በዚያ በኩል ሲሄዱ ማሰብ አልፈለግሁም፤ ለታናሽየዋ ስነግራት እሷም ወዲያው ገባት።

አንድ ጣቢያ ወደ ኋላ፣ ፕሎን ቺት ላይ፣ ፓርክ ሀያትና ኦኩራ አሉ። ሁለቱም ከባቡር ጣቢያው ጋር ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የእግረኛ መተላለፊያ ይገናኛሉ፤ መንገድ ማቋረጥ የለም፣ ደረጃ በሊፍት ይተካል። ፓርክ ሀያት ያለው ቀድሞ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ በነበረ መሬት ላይ በተሠራው ሴንትራል ኤምባሲ የገበያ ማዕከል ላይ ነው፤ ቤቱ ውብ ነው፣ ለአባት የምሽት ጉዞም ቀዝቀዝ ያለ ሰፊ ኮሪደር ይገኝበታል። ኦኩራ የጃፓን ሆቴል ነው፤ የእንግዳ መቀበያው 24ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ታች አንድ ሊፍት፣ ላይ ሌላ ሊፍት መያዝ ይጠይቃል፤ ይህ ትንሽ ያሰለቻል። ነገር ግን ዋጋው ለተመሳሳይ ክፍል ዝቅ ያለ ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱም እጥበቱን ራሱ የሚያደርግ የጃፓን ዓይነት ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ነገር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ማንም የሆቴል መጽሔት ስለ ቅንጦት ሲጽፍ ይህን አያነሳም፤ እኔ ግን ለእናት ከባለ ኮከብ ምግብ ቤት በላይ የሚጠቅማቸው ይህ መሆኑን አምናለሁ። ኦኩራን ያዝን።

ወደ ወንዙ ስንመጣ ክርክሩ ጠነከረ። ካፔላ 101 ክፍሎች ብቻ ያሉት፣ ሁሉም ወደ ወንዙ የሚያዩ፣ በዋጋ ከሁሉም የሚበልጥ ቤት ነው። የዓለም አንደኛ መባሉን አልከራከርም፤ ዝርዝሩ የተዘጋጀው ብዙ በሚጓዙና ሙያውን በሚያውቁ ሰዎች ድምፅ ነው። ለሁለት ክፍል፣ ለሦስት ሌሊት የተጠየቀው ግን ለወላጆቹ ምርመራ ከተመደበው በላይ ነበር፤ ታላቅየው እከፍላለሁ ቢልም እናት ቢሰሙ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ሦስቱም ያውቃሉ። ጎረቤቱ ፎር ሲዝንስ 299 ክፍሎች አሉት፤ ግቢው በአደባባይና በኩሬ የተዘረጋ ሰፊ ነው። ለወጣት ባልና ሚስት መንሸራሸሪያ ነው፤ ለእናት ግን ከክፍል እስከ ቁርስ ያለው መንገድ ራሱ ጉዞ ይሆንባቸዋል። ሻንግሪላ በዋጋ ከሁሉም ይቀላል፤ ከሳፓን ታክሲን ጣቢያና ከዋናው የጀልባ ማቆሚያ ጎን ስለሆነ በቦታ ማንም አይወዳደረውም። ከ800 በላይ ክፍሎች ያሉት ስለሆነ ግን ከአስጎብኚ ቡድን ጋር ሊፍት መጠበቅ አለ። ለ50 ዓመት ትዳር ጸጥታ እፈልግ ነበር።

ስለዚህ ፔኒንሱላና ማንዳሪን ቀሩ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ፤ ሁለቱም እውነተኛ ምርጫ ስለሆኑ።

ፔኒንሱላ ቶንቡሪ በሚባለው ማዶ ላይ የቆመ 37 ፎቅ ነው። ሕንፃው በእጥፋት የተሠራ ስለሆነ የትኛውም ክፍል ቢሰጥህ ወንዙን ታያለህ፤ «የወንዝ ዕይታ» የሚል ተጨማሪ ክፍያ የሚያስጨንቅህ ነገር የለም። ክፍሎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ዋጋውም በዚያ ሰሞን ከማንዳሪን በግልጽ ያንስ ነበር። ለራሴ ቤተሰብ ብይዝ ፔኒንሱላን ነው የምይዘው። ችግሩ ጀልባው ነው። ወደ ከተማው የሚያሻግረው የሆቴሉ የእንጨት ጀልባ ነው። ማቆሚያው ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ መድረክ ነው፤ ትልቅ ጀልባ ሲያልፍ ማዕበሉ ይመጣና መድረኩም ጀልባውም ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል። ሠራተኛው እጅ ይይዛል፤ ቢሆንም መርገጫው ትክክለኛ ቦታ ላይ ሲደርስ ፈጥኖ መራመድ ያስፈልጋል። ፈጥነው መራመድ የማይችሉት እናት ናቸው። በመኪና በታክሲን ድልድይ መዞር ይቻላል፤ እንዲያ ከሆነ ግን ለእናት ማዶው ሁልጊዜ ማዶ ሆኖ ይቀራል።

ማንዳሪን ከተማው ባለበት ዳርቻ ላይ ነው። መኪና በር ላይ ያወርዳል። የወንዙን አየር ለማግኘት ጀልባ መያዝ አያስፈልግም፤ የወንዝ ዳሩ በረንዳ ከሊፍቱ በደረጃ ሳይሆን በተዳፋት መሄጃ የሚደረስ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ጀልባውም አለ፣ ለሚፈልግ። እዚህ ሆቴል ውስጥ ግን የሕንፃ ክፍል መምረጥ ግዴታ ነው። ሪቨር ዊንግ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1976 ተሠርቶ በ2019 ሙሉ በሙሉ የታደሰው ሲሆን ወንዙን የሚያየው እሱ ነው። በጋርደን ዊንግ በኩል ካሉት አንዳንዶቹ ባለ ሁለት እርከን ናቸው፤ ከመቀመጫው ወደ መኝታው በደረጃ ይወጣል። በፎቶ በጣም ያምራል። ለእናት አይሆንም። ታላቅየው ከኢንተርኔት ያገኘው «ቅናሽ» ዓይነቱን ክፍል ሳይለይ የተሸጠ ስለነበር እንዲተወው ነገርኩት።

የክፍል ዓይነት ነገር እንደ ቀላል ይታለፋል፤ እኔ ግን ከሆቴሉ ስም በላይ ቦታ እሰጠዋለሁ። ለዚህ ቤተሰብ ለሁለቱም ሆቴሎች በደብዳቤ የጠየቅኩት ይህን ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች በውስጥ በር የሚገናኙ መሆናቸውን፣ ይህም «ሲገኝ» ሳይሆን በማረጋገጫው ላይ ተጽፎ እንዲላክ። ጎን ለጎን መሆን አይበቃም፤ አባት ሌሊት ደረታቸውን ቢያማቸው ልጅየዋ በኮሪደር ዞራ፣ ካርድ ፈልጋ ነው የምትደርሰው። ሻወሩ ከባኞው የተለየ መሆኑን፤ ባኞ ውስጥ እግር አንስቶ መግባት ለእናት አይታሰብም። ሻወሩ ውስጥ የሚቀመጥ ወንበርና ግድግዳ ላይ መያዣ። ክፍሉ ከሊፍቱ እንዳይርቅ። ሁለቱም በአንድ ቀን ውስጥ መለሱልኝ፤ ኦኩራ የሻወሩን ወንበር ፎቶ ጭምር ላከ።

ዋጋውን ማወዳደር የራሱ ሥራ አለው። ባንኮክ ውስጥ ብዙ ሆቴሎች ዋጋ ሲናገሩ ሁለት የመደመር ምልክት ከኋላው ያስከትላሉ። የመጀመሪያው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ሁለተኛው 7 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ታክሱ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ነው የሚሰላው። 10,000 ባት የተባለ ክፍል ስትከፍል 11,770 ባት ነው። አንዱ ወኪል ሁሉ የተደመረበትን፣ ሌላው ያልተደመረበትን ዋጋ ሲልክ መካከለኛዋ ልጅ ርካሽ ያለችው በእርግጥ ውድ ሆኖ ተገኘ። ሁሉንም ወደ መጨረሻው ዋጋ ቀይሬ በአንድ ሰንጠረዥ ስልክላቸው ከክርክሩ ግማሹ በዚያው ቀን አበቃ።

ቁርሱ ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሒሳብ አለ። በእነዚህ ሆቴሎች ቁርስ በሰው ከ1,000 ባት በላይ ነው፤ «ቁርስን ጨምሮ» የሚለው ዋጋ ይህን ይዞ ነው የሚመጣው። እናት በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አባትም መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት ቀለል ያለ ነገር ነው የሚበቃቸው። ለስምንት ቀን ሙሉ ማንም የማይበላውን ቡፌ ለምን ይከፍላሉ? ኦኩራ ላይ ያለ ቁርስ ያዝን። ማንዳሪን የሰጠን ዋጋ ቁርስ የግድ የነበረበት ስለሆነ በምግብ ቤቶቹ ሌላ ሰዓት እንዲታሰብልን ጠየቅን፤ የእናትን ድርሻ ከሰዓት በኋላ በሚታዘዝ ምግብ ለመተካት ፈቀዱ። በጨዋነት ለተጠየቀ ትልልቅ ሆቴሎች እንዲህ ያለውን አይከለክሉም፤ የሚያስፈልገው አስቀድሞ፣ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

የጾሙ ምግብ ራሱ ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኝ ነበር። ታይላንድ አትክልት የሞላባት ሀገር ናት፤ ነገር ግን አትክልቱ ውስጥ የዓሣ ሶስ አለ፣ ቀዩ ድልህ ውስጥ የሽሪምፕ ሊጥ አለ፣ ሩዙ ላይ እንቁላል ይጣላል። ቬጀቴሪያን ብሎ ማዘዝ እናትን ከችግር አያወጣቸውም። መፍትሔው ከሀገሩ ከራሱ ነው የተገኘው፤ ታይላንዶች ጄ የሚሉት የምግብ ሥርዓት አላቸው። ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም፣ የዓሣ ሶስም አይገባበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ ይከለከላል። በመንገድ ላይ በቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ፊደል ተጽፎ ይታያል። ለሁለቱም ሆቴሎች ወጥ ቤት የላክነው «ጄ ይሁን፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ቢገባበት ደስ ይለናል» የሚል ነበር። ጠያቂውም ሠሪውም የሚግባቡበት ስለሆነ ምንም ስሕተት አልተፈጠረም።

ሌላው የዲያስፖራ ቤተሰብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው የባንክ ካርድ ነው። ከፋዩ ሜሪላንድ፣ እንግዳው ባንኮክ ነው። ሆቴሎቹ እንግዳ ሲገባ ለማስያዣ አካላዊ ካርድ ማየት ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ፣ ሙሉ ክፍያቸው የተፈጸመ አዛውንት እንግዶች በካርድ እጦት ምክንያት ሌሊት አዳራሽ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ለዕድል አልተውም። ታላቅየው የሌላ ሰውን ወጪ በካርዱ ለመሸፈን የሚፈቅድበትን ቅጽ ከሆቴሎቹ አስልኮ ፈርሞ መለሰ፤ ክፍሉን፣ ምግቡንና ማስያዣውን እንደሚሸፍን በስም ተዘርዝሮ። ከአዲስ አበባ የሚወጣው የኪስ ገንዘብ ብቻ ሆነ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በብር ቁጠባ የባንኮክን ሆቴል መክፈል ለወላጆቹ ከባድ ነው፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው አስበውበት ነበር።

ጉዞው እንዴት ሆነ? ኦኩራ የታሰበለትን አደረገ። ጠዋት ጠዋት መኪና ቀደም ብሎ ይጠራል፤ ወደ ሶይ 3 የሚወስደው መንገድ አጭር ቢሆንም ይጨናነቃል፣ ስለዚህ ታናሽየዋ ከሚያስፈልገው በላይ ቀድማ ታወጣቸው ነበር። ምርመራ ጨርሰው ሲመለሱ እናት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍላቸው ውስጥ ሩዝና ቶፉ ከእንጉዳይ ጋር ይቀርብላቸዋል። አባት በእግረኛው መተላለፊያ እስከ ሴንትራል ኤምባሲ እየሄዱ ይመለሳሉ፤ ከመኪና ጋር አይጋፉም፣ ሙቀትም አይነካቸውም። የልባቸው ውጤት ጥሩ ነበር። ለእናት ጉልበት ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና አሁን አያስፈልግም ብሎ መርፌና ፊዚዮቴራፒ አዘዘ።

መርፌው ግን ሌላ ቀጠሮ አስከተለ፤ ወደ ወንዙ ከተዛወሩ በኋላ በሁለተኛው ቀን። ስንከፋፍለው ይህ ሊመጣ እንደሚችል ቆጥረነው ነበር፤ የተስማማነውም ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ እንዳይቀበሉ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አስደረጉትና ከመጨናነቁ ቀድመው ወጡ፣ ከምሳ በፊት ተመለሱ። ቀጠሮው ለአሥር ሰዓት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ወንዙን አያዩትም ነበር።

ስለ ማንዳሪን ታናሽየዋ የነገረችኝ ብዙ ነው፤ የሚበዛው ስለ አባቷ ነው። አባት በመጀመሪያው ጠዋት ገና ሳይነጋ በረንዳው ላይ ወርደው ተቀምጠዋል። በቻኦ ፕራያ ላይ ሩዝና አሸዋ የሚጭኑ ትልልቅ ጥቁር ታንኳዎች አሉ፤ አራት አምስቱ በገመድ ተያይዘው አንዲት ትንሽ ጀልባ ፊት ፊት ሆና ትጎትታቸዋለች፤ ሲጫኑ እስከ ከንፈራቸው ውኃ ውስጥ ይገባሉ፣ ባዶ ሲሆኑ እንደ ቤት ከፍ ይላሉ። አባት ሲወርዱ የገቡትንና ሲመለሱ የወጡትን እያነጻጸሩ «ይሄኛው አራግፏል» ይሏት ነበር። ጣና ላይ የታንኳ ጭነት እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው። ሆቴሉ ሲያስተናግድ ትልቁ ሥራው ለአባት ቁጭ የሚሉበት ምቹ ወንበርና ሻይ መስጠት ብቻ ሆነ፤ ሠራተኞቹም በሁለተኛው ቀን ሳይጠየቁ ያንኑ ወንበር ያዘጋጁላቸው ነበር።

የ50 ዓመቱ ነገር ትንሽ ጭንቀት ነበረው። ልጆቹ ኬክ ማዘዝ ፈለጉ፤ በጾም ቅቤና እንቁላል የለም። ወጥ ቤቱን አማከርን። ያቀረቡት የሀገሩን ማንጎና በኮኮናት ወተት የተሠራ ተጣባቂ ሩዝ ነው፤ ሩዝ፣ ኮኮናት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ፍሬው። ሙሉ በሙሉ የጾም ነው። በትልቅ ሰሃን ተደርድሮ፣ በአበባ ተከቦ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ወደ በረንዳው መጣ። ሜሪላንድ ሌሊት ነበር፤ ታላቅየው ማንቂያ ሞልቶ ተነሥቶ በስልክ ምስል ተገኘ፣ መካከለኛዋም ከዱባይ። እናት ጥሟቸው በሉ፤ «ይህን እቤትም እንሥራው» ብለው የሩዙን ዓይነት አስጠይቀዋል።

ሒሳቡ ሲዘጋ የእናት ቁርስ በተባለው መሠረት ተተክቶ ነበር፤ ማስያዣው በታላቅየው ካርድ ላይ ከቀናት በኋላ ተለቀቀ፤ ይህ በውጭ ባንክ ካርድ የተለመደ ስለሆነ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። አጠቃላይ ወጪው ስምንቱንም ሌሊት ማንዳሪን ቢያድሩ ሊሆን ከነበረው በእጅጉ ያንሳል፤ ስምንቱንም ሌሊት ጄ ደብሊው ማሪዮት ቢያድሩ ከሚሆነው ይበልጣል። ልጆቹ ልዩነቱን በደስታ ከፈሉ።

መካከለኛዋ ልጅ ከወራት በኋላ ደወለችልኝ። ከባለቤቷ ጋር ብቻ፣ ሐኪም ቤት የሌለበት፣ አራት ሌሊት ባንኮክ ማደር ፈልጋለች። የትኛውን ልያዝ አለችኝ። ካፔላን ያዢ አልኳት፤ የክፍሉን የመጨረሻ ዋጋም ባለ ሁለት ምልክቱን ደምሬ በዚያው ምሽት ላክሁላት።